ጄሲሲ ምንድን ነው?

አሜሪካ የሚኖር አበሻ ልጁን ዋና የሚያስተምርበት ቦታ ሲያጠያይቅ «ለምን ጄሲሲ አትሞክርም?» የሚለው ሰው አያጣም። «እኔ አይሁዳዊ አይደለሁ፤ ያስገቡኛል እንዴ?» ብሎ ያመነታል። ያስገቡታል።

ጄሲሲ የእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃል ነው። በአማርኛ የአይሁድ ማኅበረሰብ ማዕከል ማለት ነው። ብዙ ሰው ከምኩራብ ጋር ያምታታዋል። ምኩራብ ጸሎት ቤት ነው፤ ረቢ አለው፣ ኦሪት ይነበብበታል። ጄሲሲ ስትገቡ ግን መጀመሪያ የሚቀበላችሁ ከመዋኛው የሚመጣ የክሎሪን ሽታ ነው። በአንድ በኩል ሕፃናት ከመዋያቸው እየተንጫጩ ይወጣሉ። በሌላ በኩል አዛውንቶች ካርታ ይጫወታሉ። ከፍ ብሎ ደግሞ የዕብራይስጥ ትምህርት፣ ቲያትር፣ የሥዕል ክፍል አለ። ዓርብ ማታ ሰንበት ሲገባ ብዙዎቹ ሥራ ያቆማሉ ወይም ይቀንሳሉ።

ነገሩ ከተጀመረ ቆይቷል (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በ1854 የባልቲሞር ወጣት አይሁዶች የንባብና የውይይት ማኅበር አቋቋሙ። በ1874 ኒው ዮርክ ላይ የወጣት ወንዶች ዕብራዊ ማኅበር ተመሠረተ፤ ዛሬም በ92ኛው ጎዳና ላይ አለ። ስሙን ስትሰሙ ወወክማ ትዝ ካላችሁ አልተሳሳታችሁም። መልኩን የወሰዱት በ1844 ለንደን ላይ ከተጀመረው ወወክማ ነው፤ «ክርስቲያናዊ» የሚለውን «ዕብራዊ» አሉት። ሴቶቹም በ1902 በቤላ ኡንተርበርግ መሪነት የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ።

ዋናው ታሪክ ያለው ግን ስደቱ ላይ ነው። ከ1881 ጀምሮ በሩሲያ ግዛት በአይሁዶች ላይ ግፍና ጭፍጨፋ በረታ። ከዚያ ወዲህ፣ አሜሪካ በ1924 በሯን በሕግ እስካጠበበች ድረስ፣ ከሁለት ሚሊዮን በላይ የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች አገሪቱ ገቡ። ብዙዎቹ ኒው ዮርክ ሎወር ኢስት ሳይድ ሰፈር ታጨቁ። በአንድ ክፍል ቤተሰብ ይኖራል፤ እዚያው ልብስ ይሰፋል፤ ገላ መታጠቢያ የለም።

በ1889 ኤጁኬሽናል አላያንስ የተባለ ድርጅት ለእነዚህ ሰዎች ተቋቋመ። ከሁለት ዓመት በኋላ ኢስት ብሮድዌይ ላይ ትልቅ ሕንፃ ከፈተ። እንግሊዝኛ ያስተምራል። ለዜግነት ያዘጋጃል። ቤተ መጻሕፍት፣ ጂምናዚየምና መታጠቢያ ነበረው። በበጋ ሙቀት ሰው ጣሪያው ላይ ወጥቶ አየር ይቀበላል። ቻይም ግሮስ የተባለው ቀራጺ በስደት ወጣትነቱ እዚያ ተምሮ፣ በኋላ እዚያው ለአሥርት ዓመታት አስተምሯል።

ገንዘቡን የሰጡት ቀደም ብለው መጥተው የደላቸው የጀርመን አይሁዶች ነበሩ። ልባቸው መልካም ነበር፤ ግን በአዲሶቹ ያፍሩ ነበር። ቶሎ አሜሪካዊ እንዲሆኑላቸው ፈለጉ። ይዲሽ የሚባለውን የእናት ቋንቋቸውን እንደ ኋላቀርነት አዩት። አዲሶቹ ቅር አላቸው። ትምህርቱን ይፈልጉታል፤ ቋንቋህን ደጅ አስቀምጠህ ግባ መባሉ ነው ያንገበገባቸው። በ1890ዎቹ መጨረሻ አስተዳዳሪዎቹ ልብ ገዙ። ዝቪ ሂርሽ ማስሊያንስኪ የተባለ ሰባኪ ዓርብ ዓርብ ማታ በይዲሽ እንዲናገር ተፈቀደለት። አዳራሹ በሰው ጢም ይል ጀመር። በዋሽንግተንም ሆነ በሌላ ከተማ «ኮሚኒቲ» የምንለውን ቤት ለማቆም ስብሰባ የዋለ ሰው፣ ይህን ታሪክ ቢያነብ ራሱን የሚያገኝበት ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ ያለው ቶሎ ይነገራል። በ1917 አሜሪካ አንደኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ስትገባ ለአይሁድ ወታደሮች የሚያስብ የበጎ አድራጎት ቦርድ ተቋቋመ፤ በ1921 ማኅበራቱን ሁሉ በአንድ ጥላ ሥር ያዘ። በእነዚሁ ዓመታት ረቢ መርደካይ ካፕላን ምኩራብን፣ ትምህርት ቤትንና መዋኛን በአንድ ጣሪያ ሥር ለማዋሐድ ማንሃተን ላይ ሞከረ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቤተሰቦች ከከተማ ወጣ ወዳሉ ሰፈሮች ሲሄዱ ማዕከሉም አብሮ ሄደ። ዛሬ የምናውቀው ጄሲሲ፣ ሰፊ መኪና ማቆሚያና ልጆች በትምህርት ዕረፍት የሚውሉበት ካምፕ ያለው፣ የዚያ ዘመን ልጅ ነው።

ማን ይከፍለዋል? አባላት ወርሃዊ መዋጮ ይከፍላሉ፤ ለጋሾች ይጨምሩበታል። ከተማው የአይሁድ ፌዴሬሽን ካለው እሱም ይደግፋል። ፌዴሬሽን ማለት ለየድርጅቱ በተናጠል ከመለመን ይልቅ በአንድ ቋት ሰብስቦ ማከፋፈል ነው፤ ቦስተን በ1895 ጀመረችው። አቅም የሌለው ቤተሰብ ብዙ ቦታ ቅናሽ ያገኛል። እድር የሚያውቅ ሰው ነገሩ አይከብደውም። ልዩነቱ፣ እነሱ ጋ ሕንፃና ደመወዝተኛ መኖሩ ነው።

በሩ ለሁሉም ክፍት መሆኑ በመራራ መንገድም ታይቷል። ኤፕሪል 13 ቀን 2014 በካንሳስ ግዛት ኦቨርላንድ ፓርክ ከተማ አንድ ዘረኛ አይሁድ ሊገድል ጄሲሲ ደጃፍ ላይ ተኮሰ። የሞቱት አንድ አያትና የ14 ዓመት የልጅ ልጁ ናቸው። ልጁ የመጣው ለዘፈን ውድድር ሊፈተን ነበር። አንዲት ሴት ደግሞ ራቅ ብሎ ባለ የአይሁድ አረጋውያን መኖሪያ ተገደለች። ሦስቱም ክርስቲያኖች ነበሩ። ዛሬ በብዙ ጄሲሲ ደጃፍ ጥበቃ ብታዩ አንዱ ምክንያት እንዲህ ያለው ጥቃት ነው።

እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን የዚህን ቤት ዘመድ «ማትናስ» በሚለው ስሙ ያውቁታል። የባህል፣ የወጣቶችና የስፖርት ማዕከል ለሚለው የዕብራይስጥ ስም ምህጻር ነው። በ1969 በትምህርት ሚኒስትሩ በዛልማን አራን ሐሳብ ተጀመረ፤ ታስቦ የነበረው በተለይ ስደተኞች ለሰፈሩባቸው ከተሞች ነው። ቤተ እስራኤል በ1984 እና በ1985 በሱዳን በኩል፣ በ1991 ደግሞ በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከ14,000 በላይ ሆነው ከአዲስ አበባ ሲገቡ ማትናሱ ቆሞ ጠበቃቸው። እዚያም ቢሆን ስማቸውን ያጡ ነበሩ፤ ብዙ ልጆች እንደደረሱ አዲስ የዕብራይስጥ ስም ተሰጣቸው።

ዛሬ የኛ ሰው በሚበዛባቸው ሰፈሮች የቤተ እስራኤል በዓል በሆነው በሰግድ ሰሞን ማትናስ ብትገቡ ድፎ ዳቦ ይቆረሳል፣ ቡና ይፈላል። ልጆቹ ኮሪደሩ ላይ በዕብራይስጥ ይጯጯሃሉ። አያቶቻቸው ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ወንበር አቀራርበው፣ በአማርኛና በትግርኛ ይጫወታሉ።