ዓይነ ስውራንና ስኮላርሺፕ፦ ሰው የሚለውና እውነታው

ቅዳሜ ቅዳሜ ስልኬ ይጮኻል። አንዳንዴ እዚሁ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ካሉ ቤተሰቦች ነው፣ አንዳንዴ ከአዲስ አበባ። ልጃቸው ዓይነ ስውር ነው፣ ወይም ጭላንጭል ብቻ ነው የሚያየው። ትምህርቱን ግን ይወዳል። «ለእንደሱ ዓይነት ልጅ ስኮላርሺፕ ይኖር ይሆን?» ይሉኛል። አለ። ችግሩ ፎርሙን ሳይከፍቱ ወሬውን መስማታቸው ነው። እኔም ጭላንጭል ነው የማየው። ሰው በነገረኝ የተሳሳተ ነገር ምክንያት ሁለት ዓመት ሙሉ ሳላመለክት ቀርቻለሁ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ደጋግሜ የምሰማቸውን የተሳሳቱ አባባሎች ላንሳ።

«እሷ እኮ ታያለች፤ ይሄ ለዓይነ ስውራን ነው»

እኔን ያስቀረኝ ይሄ ነው። ነጭ በትር አልያዝኩም፣ ሰው ሳይመራኝ እሄዳለሁ፤ ስለዚህ አይመለከተኝም ብዬ ተውኩት።

በአሜሪካ ሕግ ግን ዓይነ ስውር የሚባለው ምንም የማያይ ሰው ብቻ አይደለም። በተሻለው ዓይኑ፣ መነጽር አድርጎም፣ እይታው 20/200 ወይም ከዚያ በታች የሆነ ሰው በሕግ ዓይነ ስውር ነው። ሌላው ሰው ከ200 ጫማ የሚለየውን ፊደል እሱ 20 ጫማ ድረስ ካልቀረበ አይለየውም ማለት ነው። ሌላም መንገድ አለ። ፊት ለፊት ያለውን ጥርት አድርጎ እያየ ግራና ቀኙ የጠፋበት ሰው አለ። በተሻለው ዓይኑ የእይታው ስፋት ከ20 ዲግሪ ካልበለጠ እሱም ይገባል። ግላኮማ የሚባለው የዓይን ሕመም ያለባቸው አንዳንድ ሰዎች እንዲህ ናቸው። መጽሐፍ ያነባሉ፣ ደረጃ ላይ ግን ይወድቃሉ። ጎረቤት ደግሞ «ያስመስላል» ይላቸዋል።

ስለዚህ መጽሐፉን አፍንጫው ላይ አስጠግቶ የሚያነብ ልጅ ካላችሁ ራሳችሁ አትፍረዱ። ዓይን ሐኪም ጋ ሂዱና ሁለት ነገር ጠይቁ፤ በመነጽር የተለካው የእይታ ቁጥርና የእይታው ስፋት። «እይታው ደካማ ነው» የሚል ደብዳቤ ብዙ አይረዳም። ቁጥሩ ይጻፍ።

«የሚሰጡት ለሚያሳዝን ታሪክ ነው»

አንድ አባት የልጁን ማመልከቻ እንድጽፍለት ሲለምነኝ «አንጀት የሚበላ አድርጊው» አለኝ። ልጁ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ይሰማል። የሒሳብ ጎበዝ ነው። አባቱ በክፋት አላለውም፤ ለልጁ ብሎ ነው። ግን ከእነዚህ ሽልማቶች ብዙዎቹ ምጽዋት አይደሉም። ውድድር ናቸው።

የሆልማን ሽልማትን እንውሰድ። ሳን ፍራንሲስኮ ያለው ላይትሃውስ የተባለ የዓይነ ስውራን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 የጀመረው ነው። ስሙ የተወሰደው ከጄምስ ሆልማን ነው። እንግሊዛዊ የባሕር ኃይል መኮንን ነበር፤ በ25 ዓመቱ ዓይኑ ጠፋ፤ ከዚያ በኋላ ዓለምን ዞረ። ሽልማቱ ሲጀመር ለእያንዳንዱ አሸናፊ እስከ 25,000 ዶላር ይሰጥ ነበር። አመልካቹ መጀመሪያ የሚልከው የ90 ሰከንድ ቪዲዮ ነው። የሚጠየቀውም ዓይኑ እንዴት እንደጠፋ አይደለም። ምን ልትሠራ አስበሃል ነው የሚሉት። በመጀመሪያው ዓመት ካሸነፉት አንዱ ኡጋንዳዊው ኦጆክ ሳይመን ነው። ለዓይነ ስውራን ንብ ማነብ ላስተምር ብሎ ነው የተወዳደረው። ሌላው ቱርካዊው አህመት ኡስቱኔል ነው። ኢስታንቡል ያለውን የቦስፎረስ የባሕር ሰርጥ ብቻዬን በካያክ፣ በትንሽ ጀልባ፣ እየቀዘፍኩ ላቋርጥ አለ፤ አቋረጠም። ማንም ስላዘነላቸው አይደለም ያሸነፉት። ሐሳባቸው ጥሩ ስለነበር ነው።

ከእኛ ደግሞ የትነበርሽ ንጉሤ አለች። ወሎ ተወልዳ በ5 ዓመቷ ዓይኗን አጣች። ሻሸመኔ በሚገኝ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተማረች፣ ከዚያ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጠናች። እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘች። የተሸለመችው ለአካል ጉዳተኞች መብት በሠራችው ሥራ ነው።

ያ አባት በመጨረሻ ልጁ ራሱ እንዲጽፍ ተወው። ልጁ ስለ ጂኦሜትሪ ጻፈ። ቅርጾችን በጣቱ እየዳሰሰ እንዴት እንደሚያስብባቸው። እኔ በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር መጻፍ አልችልም ነበር።

«ዜግነት ይጠይቃሉ»

ሁሉም አይጠይቁም። የአሜሪካ ብሔራዊ የዓይነ ስውራን ፌዴሬሽን በየዓመቱ 30 ስኮላርሺፕ ይሰጣል፤ እያንዳንዱ 8,000 ዶላር ነው። መስፈርቱ በሕግ ዓይነ ስውር መሆን፣ አሜሪካ ወይም ፖርቶ ሪኮ መኖርና እዚያው ኮሌጅ መማር ነው። የፌዴሬሽኑ አባል መሆንም ግዴታ አይደለም። ሰው የሚረሳው አንድ ነገር አለ። አሸናፊው የፌዴሬሽኑን ዓመታዊ ጉባኤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መገኘት አለበት። ለጉዞው ድጋፍ ይደረግለታል። ስለዚህ የጉባኤውን ሳምንት ለሠርግ ቀጠሮ አታሲዙት።

«አገር ቤት ላለ ምንም የለም»

ይሄም ልክ አይደለም። የሆልማን ሽልማት ከየትኛውም አገር ያመለከተን ይቀበላል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 ከማስተርካርድ ፋውንዴሽንና ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር የ10 ዓመት ፕሮግራም ጀምሯል። የተያዘው ለ450 ተማሪዎች ነው፤ ቅድሚያ የሚሰጠውም አካል ጉዳት ላለባቸው ወጣቶች ነው። ምዝገባው ክፍት መሆኑን ከዩኒቨርሲቲው ጠይቁ፤ ከፌስቡክ ወሬ አትነሱ።

«ማየት እንደማትችል አትንገራቸው፤ ይጥሉሃል»

ይሄን የሚሉት ወዳጆች ናቸው፤ ክፉ ሰው አይደለም የሚለው። ፍርሃቱም ከባዶ አልመጣም። አገራችን ውስጥ ስንቱ ሥራ ፈላጊ በር ላይ ነው የተመለሰው! እኔም አንድ ቦታ ለቃለ መጠይቅ ሄጄ ስክሪኑ ላይ ጠጋ ብዬ ሳነብ ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። ያ ቀን ከአእምሮዬ አልጠፋም። ግን ስኮላርሺፕ ላይ ዝም ማለት ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ራስን ነው።

ለምሳሌ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚሄዱበት የአውሮፓው ኢራስመስ ሙንዱስ ማስተርስ አለ። ለማንም አሸናፊ በወር 1,400 ዩሮ ይሰጣል። አካል ጉዳት ያለበት ተማሪ ግን ከዚህ ሌላ ለልዩ ፍላጎቱ ተጨማሪ ገንዘብ መጠየቅ ይችላል። ካልተናገረ ማን ይሰጠዋል? ስኮላርሺፕ የሚሰጠው የጀርመኑ ድርጅት ዳአድም (DAAD) ለእንዲህ ዓይነት ወጪ ተጨማሪ ድጋፍ አለው።

የእንግሊዝኛ ፈተናውም እንደዚያው ነው። አየልትስ (IELTS) የተባለው ፈተና በብሬይልና በትልቅ ፊደል ይሰጣል። ግን ለተለየ ወረቀት 3 ወር ቀደም ብሎ ለፈተና ጣቢያው ማሳወቅ ያስፈልጋል። በማግስቱ እፈተናለሁ ብሎ መሄድ አይሆንም። ማመልከቻው ኅዳር ላይ የሚዘጋ ከሆነ ሐምሌ ላይ ጀምሩ። ብዙ ጎበዝ ልጆች የወደቁት በእንግሊዝኛቸው አይደለም፤ ጊዜው ስላለቀባቸው ነው።

«ዓይነ ስውር ከሕግና ከታሪክ ሌላ መማር አይሆንለትም»

ሞና ሚንካራ ማየት አትችልም፤ ቦስተን በሚገኘው ኖርዝኢስተርን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ናት። ሙያዋ ኮምፒውቴሽናል ኬሚስትሪ፣ ማለትም በኮምፒውተር የሚሠራ ኬሚስትሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የሆልማንን ሽልማትም ወስዳለች። ልጃችሁ ኬሚስትሪ ከወደደ ተዉት።

«ስኮላርሺፕ ከተቀበለ ኤስኤስአይው (መንግሥት በየወሩ የሚሰጠው ድጎማ) ይቆረጣል»

ይሄ አሜሪካ ያሉ እናቶች በሹክሹክታ የሚጠይቁኝ ነው። በዚህ ምክንያት ያገኘውን እድል የመለሰ ልጅ አውቃለሁ። እውነታው እንዲህ ነው። ለትምህርት ክፍያ፣ ለመጽሐፍና ለመሰል የትምህርት ወጪ የሚውለው የስኮላርሺፕ ገንዘብ እንደ ገቢ አይቆጠርም። ሳይወጣ ባንክ ቢቆይም፣ ከተቀበለበት ወር ቀጥሎ ላሉት 9 ወራት እንደ ንብረት አይታይበትም። ለቤት ኪራይና ለኑሮ የዋለው ክፍል ግን ሊቆጠር ይችላል። ስለዚህ ገንዘቡን ለብቻው አስቀምጡት። ደረሰኝ ያዙ። የተሰጠበትን ደብዳቤ ለሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮው አስገቡና ቅጂውን ቤት አስቀሩ።