«አብሽር» የመንገድ መረጃ አይደለም

ደሴ ውስጥ በሆቴል እንግዳ ተቀባይነት ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ፒያሳ ላይ ጩኸት በተሰማ ቁጥር የማየው ነገር አንድ ነው፤ እንግዳው ሻንጣውን እየጎተተ ከደረጃው ይወርድና ቁልፉን ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀምጣል። «ሳይብስ ልውጣ» ይላል። ይቆዩ ስለው ሒሳቡን ላበዛበት የፈለግሁ ይመስለዋል። አንድ በአንድ ማስረዳት ስለ ሰለቸኝ፣ በግርግር ቀን ከእንግዶች የምሰማቸውን የተሳሳቱ አባባሎች ከነመልሳቸው ልጻፍ።

«ግርግር ሲጀመር ከተማውን ለቆ መውጣት ነው»

ከስሕተቶች ሁሉ ብዙ ሰው የሚጎዳው ይህ ነው። ደሴ በጦሳና በአዝዋ ገደል ተራሮች መካከል ተጨምቃ የተሠራች ረዥምና ቀጭን ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ የሚመጣው አውራ ጎዳና በከተማዋ አልፎ ወደ ሐይቅና ወደ ወልድያ ይቀጥላል። ሰልፈኛውም፣ የጸጥታ ኃይሉም፣ አምቡላንሱም፣ ሻንጣ የጫነው ባጃጅም የሚገናኙት በዚያው ጎዳና ላይ ነው። በጎን ዞሬ አመልጣለሁ ያለ እንግዳ ፊት ለፊቱ የሚያገኘው ዳገት ነው።

ከተማውን ለቆ ቢወጣስ? ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ነው። መታጠፊያ ላይ የተደረደረ ድንጋይ ከሩቅ አይታይም፤ ከኋላ ሌሎች መኪኖች ከደረሱ ደግሞ ማዞሪያ የለም። ጉም ሲወርድ የቱ ሰው፣ የቱ ድንጋይ እንደሆነ አይለይም።

ሚስቱንና ልጁን ይዞ የመጣ አንድ ነጋዴ እንግዳ ነበረን። በማግስቱ ከኮምቦልቻ የሚበሩበት ትኬት በእጁ ስለ ነበር፣ አመሻሽ ላይ ኮንትራት መኪና ይዞ ወጣ። ለመንሁት፤ አልሰማኝም። መንገዱ መካከል ላይ ተዘግቶባቸው ሦስቱም መኪና ውስጥ አደሩ። የኋላው መስታወት በድንጋይ ተሰብሮ ልጁ ሌሊቱን በእናቱ ነጠላ ተጠቅልሎ ሲንቀጠቀጥ ነጋ። እኛ ጋር የቀሩት እንግዶች በራችንን ዘግተን ሽሮ በልተው ተኝተዋል። ጎዳናው ከሌሊቱ አምስት ሰዓት በፊት ጸጥ ብሎ ነበር። በረራውም በማግስቱ ተሰረዘ።

ነጋዴው ተመልሶ ሲመጣ ለምን እንደ ወጣ ጠየቅሁት። «ሹፌሩ አብሽር አለኝ» አለ።

ወሎን የማያውቅ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አብሽር ልጅ ለሞተበት፣ ዝናብ ለቀረበት ገበሬ፣ ፈተና ለወደቀ ተማሪ የምንለው ቃል ነው። አይዞህ ማለት ነው። የሚያጽናናው ልብን ነው፤ መንገዱ ስለ መከፈቱ አንድም ነገር አይናገርም። የተጨነቀ እንግዳ አይቶ አብሽር የማይል ወሎዬ የለም፤ እኔም እላለሁ። ስለዚህ «ሰላም ነው ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱ ከመጠየቃችሁ በፊት የታወቀ ነው። እንዲህ ጠይቁ፦ ዛሬ ጠዋት ከኮምቦልቻ ወጥቶ የደረሰ መኪና አለ? ስንት ሰዓት ላይ ደረሰ? የት ላይ አስቆሙት? መናኸሪያው እየጫነ ነው? ልጆች ትምህርት ቤት ሄደዋል? ሸርፍ ተራ ሱቆቹ በራቸውን ሙሉ ከፍተዋል ወይስ ግማሽ? ባለሱቅ መዝጊያውን ግማሽ አድርጎ ከቆመ እሱ የሰማውን እናንተ ገና አልሰማችሁም። ሰዓትና የቦታ ስም ጠርቶ የሚነግራችሁን ሹፌር እመኑት፤ በአብሽር ብቻ የሚሸኛችሁን ግን አመስግናችሁ ተቀመጡ።

መቼም አትውጡ አላልሁም። ወደ ግሸን የሚሄዱ አንዲት እናት በእንዲህ ያለ ቀን እኛ ጋር ሁለት ሌሊት አድረዋል። በየማለዳው በር ድረስ ወጥተው ከየት የመጣ መኪና እንዳለ ጥበቃውን ይጠይቁ ነበር። በሦስተኛው ቀን መኪኖች ከሁለቱም አቅጣጫ መድረሳቸውን አረጋግጠው፣ ረፋዱን፣ መንገዱ ላይ ተወልዶ ካደገ ሹፌር ጋር ሄዱ። አመሻሽ ላይ እንውጣ ያላቸውን ሌላ ሹፌር ግን እሺ አላሉትም።

«ሰልፍ ያልተጠራበት ቀን ሰላም ነው»

ጥር 12 ቀን 2010 ወልድያ ላይ ማንም ሰልፍ አልጠራም። ሕዝቡ የወጣው የሚካኤልን ታቦት ሊሸኝ ነበር፤ በተፈጠረው ግጭት የጸጥታ ኃይሎች ተኩሰው ሰዎች ሞቱ፣ ሁከቱም በቀጣዮቹ ቀናት ወደ ቆቦ ተዛመተ። እንግዳ ሰው የበዓሉን ቀን ከሰልፉ ቀን እኩል ይጠንቀቅ። «ሰልፉ የታወቀ ነው፣ ችግር የለውም» የሚሉም አሉ። በአዋጅ ቁጥር 3/1983 መሠረት ሰልፍ ጠሪ ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ያሳውቃል። ወረቀቱ የሚያሳየው አስተዳደሩ አስቀድሞ ማወቁን ነው፤ ከሰዓት በኋላ የሚሆነውን አያሳይም።

«ቆሜ ባይ፣ በስልኬ ብቀርጽ ምን አለበት?»

ፊታችሁን የሚያውቅ ሰው በሌለበት ከተማ ስልክ አንሥታችሁ ስትቀርጹ ለአንዱ ሰላይ፣ ለሌላው የሰልፉ አስተባባሪ ትመስላላችሁ። ከሰገነት ላይ ሲቀርጽ የነበረ አንድ ወጣት እንግዳችን ድንጋይ ተወርውሮበታል፤ ድንጋዩ እሱን ስቶ የጎረቤት ክፍል መስኮት ሰበረ።

«ስልኬ እስካለ ምን እሆናለሁ»

በ2015 ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። ካርታውም፣ የባንክ መተግበሪያውም፣ ቴሌግራሙም በአንድ ቀን ዝም አሉ። የሁለት ሦስት ቀን ወጪያችሁን በዝርዝር ብር ያዙ፤ የሆቴሉንና የአንድ ዘመድ ስልክ ቁጥር በወረቀት ጻፉ።

«መታወቂያ አለመያዝ ይሻላል»

አይሻልም። ኬላ ላይ መታወቂያ የሌለው ሰው ማንነቱ እስኪጣራ እዚያው ይቆያል።

«አስለቃሽ ጭስ በሎሚ፣ በሽንኩርት፣ በኮካ ይለቃል»

በብዙ ንጹሕ ውሃ ይታጠባል። ዓይን አይታሽም፤ ቅባት አይቀባም። ጭሱ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ቦርከና ወንዝ አትውረዱ፣ ወደ ላይ ውጡ።

«ወደ ሰማይ ነው የሚተኩሱት»

የተተኮሰው ይወርዳል። የቆርቆሮ አጥርም ጥይት አያቆምም። ከመስታወት ራቁ፤ ከጎዳናው በሁለት ግድግዳ የሚለያችሁን ቦታ፣ መታጠቢያ ቤቱን ወይም ኮሪደሩን ምረጡ። ክፍላችሁ ወደ ጎዳና የሚያይ ከሆነ ወደ እኔ ውረዱና የጓሮውን ክፍል ጠይቁኝ። ዋጋው ያው ነው፤ መንገድ ተዘግቶበት ለሚቀር እንግዳ ደግሞ እስካሁን የሠራሁባቸው ባለቤቶች ሁሉ ሒሳቡን ቀንሰው ያውቃሉ፤ ጨምረው አያውቁም።