የሚዋኘው መሬት፦ አፋይን ቴክስቸር ማፒንግ ምንድን ነው?

ከረጅም ፍለጋ በኋላ ባለፈው ሳምንት «ኤር ኮምባት» እጄ ገባ። ናምኮ እ.ኤ.አ. በ1995 ለመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ያወጣው የተዋጊ አውሮፕላን ጌም ነው፤ ጃፓኖች «ኤስ ኮምባት» ይሉታል። ዲስኩን ገልብጬ ሳየው ጀርባው ጥቁር ነው። ኦሪጅናልነቱን ያወቅኩት በዚያ ነው፤ ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ልጅ ሆነን በሰዓት እየከፈልን በምንጫወትበት ፕሌይስቴሽን ቤት የነበሩት ኮፒ ሲዲዎች ጀርባቸው ብርማ ነበር። ሰፈሩ በ2016 ዓ.ም. ፈርሷል። ያኔ ሁላችንም የምንመኘው ሱ-27ን ነበር፤ የአየር ኃይላችን ሱኮይ በየቤቱ የሚወራበት ዘመን ነበርና።

ደስታዬ ሳይበርድ ከሳሎኑ ፍላት ስክሪን ጋር አገናኘሁት። ከፍ ብዬ ስበር ሁሉም ሰላም ነው። ወደ መሬት ዝቅ ብዬ አውሮፕላኑን ጋደል ሳደርገው ግን መሬቱ ውሃ ላይ የተዘረጋ ጨርቅ ይመስል መዋኘት ጀመረ፤ ቀጥ ያለው መስመር ይሰበራል፣ ይታጠፋል፣ መልሶ ይቃናል። አጠገቤ የተቀመጠው የእህቴ ልጅ «አጎቴ፣ ዲስኩ ተጭሯል እንዴ?» አለኝ። ዲስኩ ጭረት የለበትም። ያየው ነገር አፋይን ቴክስቸር ማፒንግ ይባላል።

በእንዲህ ዓይነት ጌም ውስጥ መሬቱም ሕንፃውም የሚሠራው ከሦስት ማዕዘኖች ነው። ቴክስቸር የሚባለው በእነሱ ላይ የሚለበጠው ሥዕል ነው፤ ሣሩ፣ አስፋልቱ፣ የሕንፃው መስኮት። ጭንቁ ሥዕሉን በምን ስሌት እናልብሰው የሚለው ነው። ማዘጋጃ ቤት ፊት ለፊት ቆማችሁ ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል ወደ ለገሃር ተመልከቱ። እግራችሁ ሥር ያለው የእግረኛ መንገድ ንጣፍ ሰፊ ነው፤ እየራቀ ሲሄድ እየጠበበ፣ እየተጠጋጋ፣ በመጨረሻ አንዱ ከአንዱ አይለይም። በቁጥር ላስቀምጠው። ከዓይናችሁ 10 ሜትር ላይ የሚጀምርና 90 ሜትር ላይ የሚያልቅ፣ እያንዳንዱ 1 ሜትር የሆነ 80 ንጣፍ አለ እንበል። ፎቶ አንስታችሁ በፎቶው ላይ መንገዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ለሁለት ብትከፍሉት፣ መሃሉ ላይ የምታገኙት 8ኛውን ንጣፍ ነው። የቀሩት 72ቱ በላይኛው ግማሽ ታጭቀዋል።

ፕሌይስቴሽን ይህን አያውቅም። የግራፊክስ ቺፑ ዘንድ የሚደርሰው የማዕዘኖቹ የስክሪን ላይ ቦታ እንጂ ርቀታቸው አይደለም። ስለዚህ ሥዕሉን እኩል ያካፍልና መሃል ላይ 40ኛውን ንጣፍ ያስቀምጣል። አፋይን ማለት እንግዲህ ይኸው ነው፤ ርቀትን ሳይቆጥሩ እኩል ማከፋፈል። አራት ማዕዘን የሆነ መሬት ከሁለት ባለ ሦስት ማዕዘን ቁራጮች ስለሚገጠም ስህተቱ በሁለቱ ላይ ይለያያል፤ መስመሩ የሚሰበረውም እዚያ ሰያፍ መጋጠሚያ ላይ ነው። አውሮፕላኑ ሲዞር የስህተቱ መጠን በየቅጽበቱ ይቀያየራል፤ ያኔ መሬቱ ይዋኛል። (ማዕዘኖቹ ሙሉ ፒክስል፣ ማለትም የስክሪኑ ትንሿ ነጥብ፣ ላይ ብቻ ስለሚያርፉ የሕንፃ ጠርዝ የሚንቀጠቀጠው ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ብዙ ሰው ሁለቱን ያደባልቃል።)

መሐንዲሶቹ ሳያውቁት ቀርተው አይደለም። ትክክለኛው ስሌት በየፒክስሉ ለርቀቱ ማካፈል ይጠይቃል። 320 በ240 የሆነ ምስል 76,800 ፒክስል ነው፤ በሴኮንድ 30 ጊዜ ቢታደስ ስሌቱ ከ2.3 ሚሊዮን ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ1994 ጃፓን ውስጥ ለቤት መጫወቻ ተብሎ ለወጣ ማሽን ይህ ከባድ ሸክም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 የመጣው ተፎካካሪ መጫወቻ ኒንቴንዶ 64 ስሌቱን በትክክል ሠራው፤ ሲስል ቴክስቸር የሚያስቀምጥበት ቦታ ግን 4 ኪሎባይት ብቻ ስለነበር ብዙ ሥዕሎቹ ደብዛዛ ሆኑ። የፕሌይስቴሽን ጌም ሠሪዎች በበኩላቸው የቅርቡን መሬት ወደ ትንንሽ ቁራጭ ይከፋፍሉት ነበር፤ ቁራጩ ባነሰ ቁጥር ስህተቱም ያንሳልና።

ዛሬ ኮምፒውተር ላይ ኤሚዩሌተር፣ ማለትም የድሮውን ማሽን የሚያስመስል ፕሮግራም፣ ብትጭኑ መሬቱን የሚያቃና ምርጫ ታገኛላችሁ። ሞክሬዋለሁ፤ ያምራል። ለሰብሳቢ ግን አልመክርም፤ ያ ጌም የተሠራው ጀርባው ወጣ ላለው ለድሮው ቴሌቪዥን ነው፣ መታየት ያለበትም በእሱ ነው። ማታውኑ ከእናቴ ቤት አራት ኪሎ ባለ 21 ኢንቹን አምጥቼ በቢጫው ገመድ ሰካሁት። የፒክስሎቹ ጠርዝ ለሰለሰ፣ ቀለሙ እርስ በርሱ ተዋሃደ፣ ስብራቱም ፈልገው ካላዩት የማይታይ ሆነ። ስክሪኑን ለሁለት ከፍለን ሁለተኛውን ጆይስቲክ ለእህቴ ልጅ ሰጠሁት።

«አጎቴ፣ አሁን ተስተካከለ» አለኝ።

ጣቴን መስታወቱ ላይ አድርጌ መጋጠሚያው የሚሰበርበትን አሳየሁት። አንዴ አየት አደረገና ዝቅ ብሎ መብረሩን ቀጠለ።