ጀርመን ሰማይ ላይ ከፍታ እንዴት ይነገራል?

የአውሮፕላን ከፍታ ሲነሳ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ከየት ተለክቶ?» ተብሎ ነው። አልቲሜትሩ፣ ማለትም ጀርመኖች ሆኤንሜሰር የሚሉት የከፍታ መለኪያ፣ ከፍታን በቀጥታ አያውቅም። የሚለካው የአየር ግፊት ነው፤ ወደ ጫማ የሚቀይረውም አብራሪው ጠምዝዞ በሞላለት መነሻ ግፊት ላይ ተመሥርቶ ነው።

ኪው-ኤን-ኤች፣ ማለትም ወደ ባሕር ወለል የተሰላውን የአካባቢ ግፊት፣ ከሞላህ ከባሕር ወለል በላይ ያለህን ከፍታ ያሳይሃል። ፍራንክፈርት ኤርፖርት መሬት ላይ ቆመህ 364 ጫማ አካባቢ ታነባለህ። ኪው-ኤፍ-ኢ፣ ማለትም የራሱ የአየር ማረፊያው ግፊት፣ ከሆነ ግን እዚያው ዜሮ ይልልሃል፤ ከሜዳቸው ብዙም የማይርቁ ሞተር አልባ አውሮፕላን አብራሪዎች ይመቻቸዋል። ሦስተኛው መነሻ ግፊት 1013.25 ሄክቶፓስካል (የግፊት መለኪያ አሃድ) ነው፣ የትም ቦታ የማይቀየር። በእሱ የሚነገረው ከፍታ ፍሉግፍሌኼ ይባላል። የመጨረሻዎቹ ሁለት ዜሮዎች ይጣላሉና 10,000 ጫማ «100» ይሆናል። ላይ ያሉት ፈጣን አውሮፕላኖች በየደቂቃው ግፊቱ ወደሚለያይ አካባቢ ስለሚገቡ፣ ሁሉም አንድ መነሻ ከያዙ ከእውነተኛው ከፍታ ቢርቁም እኩል ይርቃሉ፣ እርስ በርስም አይጋጩም።

ከኪው-ኤን-ኤች ወደ 1013 የሚቀየርበት ከፍታ ዩበርጋንግስሆኤ ይባላል። ጀርመን ውስጥ 5,000 ጫማ ላይ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ 18,000። ስትወጣ እሱን አልፈህ 1013 ትሞላለህ። ስትወርድ ወደ ኪው-ኤን-ኤች የምትመለሰው ትንሽ ከፍ ብሎ ካለው ዩበርጋንግስፍሌኼ ላይ ነው፤ እሱ ደግሞ የዕለቱ ግፊት ሲቀንስ ወደ ላይ ይገፋል።

ዋናው አደጋ መቀየር መርሳት ነው። «ፎም ሆኽ ኢንስ ቲፍ ጌትስ ሺፍ» ይላሉ፣ ከከፍተኛ ግፊት ወደ ዝቅተኛ መብረር ጣጣ አለው ለማለት። ጥቁር ደን ውስጥ ያለው ፌልድበርግ 1,493 ሜትር ነው፣ ወደ 4,900 ጫማ። አልቲሜትርህ 1013 ላይ እንዳለ የአካባቢው ግፊት 993 ቢሆን፣ 5,400 እያነበብክ ያለኸው ግን ወደ 550 ጫማ ዝቅ ብለህ ነው። ተራራውን ያለፍክ ሲመስልህ ከጫፉ በታች ነህ ማለት ነው!

ብርድ ሲጨመርበት ይብሳል። ቀዝቃዛ አየር ስለሚታመቅ፣ ኪው-ኤን-ኤች በትክክል ተሞልቶም መሣሪያው ከእውነተኛው ከፍታ በላይ ያሳያል። በብርድ ወራት አልፕስን የሚያቋርጥ ሰው ለዚህ ብሎ ተጨማሪ ከፍታ መያዝ አለበት።