«ሞዴሉ ስንት ነው?» የሶፍትዌር ሞጁሎች ቨርዥን አያያዝ ከአራት ኪሎ ሲታይ

ሶማሌ ተራ የመኪና ዕቃ ሊገዛ የሄደ ሰው ዋጋ ከመስማቱ በፊት ጥያቄ ይቀድመዋል፦ «ሞዴሉ ስንት ነው?» ስሙ አንድ የሆነ መኪና ቢሆንም የዚህ ዓመት ፓምፕ ለዚያ ዓመት ላይገጥም ይችላል። ሶፍትዌር ላይም ያው ነው። ዛሬ ፕሮግራም ከባዶ የሚጽፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ሌሎች የሠሩትን ሞጁልና ላይብረሪ፣ ማለትም ዝግጁ ኮድ፣ እየወሰዱ መገጣጠም ነው። እነዚያም በተራቸው ሌሎች ሞጁሎችን ይፈልጋሉ። ዴቨሎፐሮች ይህን «ዲፔንደንሲ» ይሉታል። የቱ ሞጁል፣ በስንተኛው ቨርዥን (እትም)፣ ከየትኛው ጋር እንደሚገጥም መከታተል ደግሞ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል።

አራት ኪሎ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ግቢ አለ። ትንሽ ወደ ላይ ሲወጡ አምስት ኪሎ ላይ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ይገኛል። እዚያ አካባቢ ካፌ ውስጥ ላፕቶፕ ከፍተው ከተቀመጡ ተማሪዎች አጠገብ ማኪያቶ የጠጣ ሰው «እኔ ጋ ይሠራል እኮ!» የምትለዋን ነገር ሳይሰማ አይወጣም። ኮዱ አንድ ነው፣ ሁለቱ ላፕቶፖች ላይ የተጫኑት ሞጁሎች ግን ቨርዥናቸው ይለያያል። ጭቅጭቁ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ቨርዥን አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ቁጥር ይጻፋል፤ ለምሳሌ 1.4.2። ዴቨሎፐሮች ኮዳቸውን ከሚያስቀምጡበት ድረ ገጽ ከጊትሃብ መሥራቾች አንዱ የሆነው ቶም ፕሬስተን-ወርነር ለሦስቱ ቁጥሮች ደንብ አውጥቶላቸዋል፤ ደንቡ ሴማንቲክ ቨርዥኒንግ ይባላል። ቀን ወደ እኛ አቆጣጠር የሚቀይር ሞጁል አለን እንበል። በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን ስድስት ቀን መሆኗን ረስቶ ኖሮ ስህተቱ ቢታረም፣ የመጨረሻው ቁጥር ይጨምራል፤ 1.4.3 ይሆናል። ሰዓትንም ከንጋት ጀምሮ እንደምንቆጥረው እንዲያሳይ ቢደረግ አዲስ ነገር ተጨመረ እንጂ የነበረው አልተነካም፤ 1.5.0 ይባላል። ድሮ ወሩን በቁጥር ይመልስ የነበረው አሁን «መስከረም» እያለ በስም መመለስ ቢጀምር ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ቁጥር ይጠብቅ የነበረ ፕሮግራም ሁሉ ይበላሻል። ስለዚህ 2.0.0 ይሆናል፣ ተጠቃሚውም ይጠነቀቃል። ይህ ሁሉ ግን የሞጁሉን ጸሐፊ ቃል ማመን ነው። «ትንሽ እርማት» ተብሎ የወጣ አፕዴት ሥራ አቁሞበት የማያውቅ ዴቨሎፐር ያለ አይመስለኝም።

ዋናው ራስ ምታት ሁለት ሞጁሎች ሦስተኛውን በተለያየ ቨርዥን ሲፈልጉ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ሲስተም የደመወዝ ሞጁልና የሪፖርት ሞጁል አለው። ሁለቱም በዚያው በቀን መቀየሪያው ይጠቀማሉ። ደመወዙ 1ን ይላል፣ ሪፖርቱ 2ን። ማንን እናስደስት?

መልሱ እንደ ቋንቋው ይለያያል። ፓይተን አንድ ላይ በተጫነ ስብስብ ውስጥ የአንድን ፓኬጅ (ለመጫን የተዘጋጀ ሞጁል) ሁለት ቨርዥን ጎን ለጎን አያስቀምጥም። መውጫው ለእያንዳንዱ ፕሮጀክት የራሱን ክፍል መስጠት ነው፤ ለዚህ የሚያገለግለው «ቬንቭ» እ.ኤ.አ. በ2012 ከፓይተን 3.3 ጋር መጣ። የጃቫስክሪፕት ሞጁሎች የሚወርዱበትና የሚጫኑበት ኤንፒኤም ሁለቱንም ያስቀምጣል፣ ለእያንዳንዱ ጠያቂ የራሱን። ዲስክ ይበላል እንጂ ሰላም ነው። «ጎ» የተባለው የጉግል ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ2018 ያመጣው ዘዴ ደግሞ ሁሉንም ጠያቂዎች ከሚያስማሙት መካከል ትንሹን ቨርዥን ይመርጣል። ሌሎቹ የቅርቡን ሲያሳድዱ እሱ የተፈተነውን ይዞ ይቆያል። ለእኔ የሚጥመኝ ይሄኛው ነው። የሚያስማማ ስብስብ መፈለግ ራሱ በጥቅሉ ሲታይ ቀላል ሥራ አይደለም፤ የኮምፒውተር ሳይንስ ሰዎች ኤንፒ-ኮምፕሊት ከሚሏቸው ከባድ ችግሮች ጋር ይመደባል።

አንድን ማሽን ብዙ ሰው ሲጋራው ችግሩ ይበዛል። ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ አንድ አሮጌ ሰርቨር ነበረን። የደመወዙ ፕሮግራም በፓይተን 2 የተጻፈ ነበር፤ የፓይተን 2 ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2020 ካበቃ በኋላም እንኳ እዚያው ነበር። አንድ ቀን አንዱ ልጅ ለራሱ ፕሮጀክት ብሎ የጋራውን ፓይተን ቀየረው። ወሩ ሊያልቅ ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር። ያን ሳምንት ሒሳብ ክፍል በኩል ማለፍ አስፈርቶኝ ነበር።

ለዚህ ዓይነቱ ነገር መላ የተፈለገው ቀድሞ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ጆን ፈርላኒ «ኢንቫይሮንመንት ሞጁልስ» የተባለውን ዘዴ በጽሑፍ አቀረበ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ሁሉም ቨርዥኖች በየራሳቸው ፎልደር ይቀመጣሉ፤ ተጠቃሚው «ሞጁል ሎድ» ብሎ የሚፈልገውን ሲጠራ ማሽኑ ፕሮግራም የሚፈልግበት መንገድ ለእሱ ብቻ ይቀየራል። ጎረቤቱ አይነካም። ትልልቅ የምርምር ኮምፒውተሮች ላይ ዛሬም በዚሁ ይሠራል። በኔዘርላንድስ ኤልኮ ዶልስትራ የጀመረው ኒክስ የተባለው ፓኬጅ መጫኛ ከዚያም አልፎ ሄደ፤ እያንዳንዱን ፓኬጅ ከተሠራበት ነገር ሁሉ በተሰላ መለያ ይሰይመዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 የመጣው ዶከር ደግሞ ፕሮግራሙን ከነጓዙ አንድ ላይ ይጠቀልለዋል።

ከሁሉም በላይ እኛ ሰፈር የሚያስፈልገው ግን ሎክ ፋይል ነው ባይ ነኝ። የተጫነው ሞጁል ሁሉ ትክክለኛ ቨርዥኑ፣ ብዙ ጊዜም የማረጋገጫ ቁጥሩ ጭምር የሚመዘገብበት ፋይል ነው። ከኮዱ ጋር አብሮ ይቀመጣል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ፣ የገዛነው ዳታ ሲያልቅ፣ አዲስ ልጅ ሲቀጠር፣ ያንኑ ስብስብ መልሶ ማግኘት ይቻላል። የወረዱትን ፓኬጆች ቢሮ ውስጥ ባለ አንድ ማሽን ላይ አስቀምጦ ለሁሉም ማካፈልም ወጪ ይቆጥባል። ሌላም ጥቅም አለው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2016 «ሌፍት-ፓድ» የተባለች 11 መስመር ኮድ ብቻ ያላት ሞጁል በባለቤቷ ከኤንፒኤም ተነሥታ የብዙ ፕሮጀክት ሥራ ቆሞ ነበር። ቅጂው ቢሮው ውስጥ ያለው ሰው በዚያ ቀን ብዙም አይደነግጥም።

መቆለፍ ግን ተቆልፎ መቅረት እንዳይሆን። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 «ሎግ4ጄ» የተባለው የጃቫ ላይብረሪ ላይ አደገኛ ቀዳዳ ሲገኝ፣ ብዙዎች ላይብረሪው እነሱ ጋ እንዳለ እንኳ አያውቁም ነበር፤ በሌላ ሞጁል ጀርባ ታዝሎ ነው የገባው። የእኛም ቀን መቀየሪያ 1.4.2 ላይ ተቆልፎ ከተረሳ ለጊዜው ማንም ልብ አይለውም። ሥራውን ይሠራል፣ ደመወዝ ይከፈላል። የሚቀጥለው ዘመነ ሉቃስ 2019 ዓ.ም. ነው። ጳጉሜን 6 ጠዋት ሒሳብ ክፍል ይደውላል።