ጨጓራ ራሱን የማይፈጨው ለምንድን ነው?

«ጨጓራ አለብኝ» የሚል ሰው ሕመሙን ማለቱ ነው። ስሙ ከበሽታው ጋር ከመጣበቁ የተነሳ አካሉን ራሱን ዞር ብሎ የሚያየው ጥቂት ነው። እኔ ግን ከሆድ ዕቃ ሁሉ እሱን የሚያህል የሚገርመኝ የለም።

ብዙ ሰው እምብርት አካባቢ ይመስለዋል። ከፍ ብሎ በስተግራ፣ ደረትና ሆድን ከሚለየው ጡንቻ ሥር ነው። የምግብ ቧንቧው የሚገባበት ካርዲያ፣ ወደ ላይ እንደ ጉልላት የተነፋው ፈንደስ፣ ሰፊው መሃል ኮርፐስ፣ መውጫው ፓይሎረስ ይባላሉ። ፓይሎረስ በግሪክኛ በረኛ ማለት ነው፤ እውነትም በቀለበታማ ጡንቻው ያልላመውን መልሶ፣ የላመውን በጥቂት በጥቂቱ ወደ ትንሹ አንጀት ያሳልፋል። ባዶ ሲሆን ግድግዳው ይጨማደዳል፤ ስንበላ እጥፋቱ ተዘርግቶ አንድ ሊትርና ከዚያ በላይ ይይዛል።

ዋናው ነገር ያለው ግን የውስጥ ሽፋኑ ላይ ነው። በማይክሮስኮፕ ሲታይ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ጥቃቅን ጉድጓዶች የተበሳሳ ነው፤ ከሥራቸው ዕጢዎች አሉ፣ በዕጢዎቹ ውስጥ ደግሞ ሥራ የተከፋፈሉ ሕዋሳት። ፓራይታል የሚባሉት ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ያመነጫሉ። በደም ውስጥ ካለው ከአንድ ሚሊዮን እጥፍ በላይ የተከማቸ የሃይድሮጅን አዮን፣ ማለትም አሲድን አሲድ የሚያደርገውን ቅንጣት፣ ነው በፓምፕ ገፍተው የሚያወጡት፣ ለዚህም ብዙ ጉልበት ይፈጃሉ፤ አሲድ የሚቀንሰው መድኃኒት ኦሜፕራዞል የሚዘጋውም ይህንኑ ፓምፕ ነው። እነዚሁ ሕዋሳት ኢንትሪንሲክ ፋክተር የሚባል ፕሮቲንም ይሠራሉ። እሱ ከሌለ ቫይታሚን ቢ12 በአንጀት በኩል በቅጡ አይገባም፣ ደም ማነስም ይከተላል።

ቺፍ ሕዋሳት ፕሮቲን የሚቆራርጠውን ኤንዛይም ያዘጋጃሉ። መጀመሪያ የሚወጣው ግን ሥራ ያልጀመረው ፔፕሲኖጅን ነው፤ አሲዱ ሲያገኘው ነው ፔፕሲን የሚሆነው። ስለዚህ ሠሪውን ሕዋስ አይበላውም። ጂ ሕዋሳት ጋስትሪን በሚባል ሆርሞን አሲዱ እንዲጨምር ያዛሉ፣ ዲ ሕዋሳት በሶማቶስታቲን ያበርዱታል።

ታዲያ ግድግዳው እንዴት ተረፈ? ሙከስ የሚያመነጩት ሕዋሳት ዝልግልግ ሽፋን ያለብሱታል፣ ከሥሩም አሲድ የሚያከሽፍ ባይካርቦኔት አለ። የላይኞቹ ሕዋሳትም ረጅም ዕድሜ የላቸውም፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ረግፈው በአዲስ ይተካሉ።

ይህ መከላከያ ሲሳሳ ነው ቁስለት የሚመጣው። እንደ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎችን አዘውትሮ መውሰድ ያሳሳዋል። ሌላው ተጠያቂ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለ ባክቴሪያ ነው። አውስትራሊያውያኑ ሐኪሞች ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን ይህን ሐሳብ ሲያቀርቡ ብዙ ሐኪም አልተቀበላቸውም፣ ቁስለት ከጭንቀትና ከአሲድ ብቻ ነው ተብሎ ይታመን ነበርና። ማርሻል በ1984 እ.ኤ.አ. ባክቴሪያውን ራሱ ጠጣው፣ ጨጓራውም በቀናት ውስጥ ተቆጣ። በ2005 እ.ኤ.አ. ሁለቱም የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው፤ ዛሬ በዚህ ባክቴሪያ የመጣ ቁስለት በአንቲባዮቲክ ይድናል።