ደለል በዛ ማለት ዝናብ በዛ ማለት ነው?

«የስትሮንቲየም 87 እና 86 ምጣኔ» የሚል ነገር ሲመጣ ብዙ ሰው ንባቡን እዚያው ያቆማል። ነገሩ ግን ያን ያህል አይከብድም። ስትሮንቲየም በድንጋይና በአፈር ውስጥ የሚገኝ ንጥረ ነገር ነው፤ 87 እና 86 ክብደታቸው የሚለያይ ሁለት ዓይነቶቹ ናቸው። ዓባይና ተከዜ ከደጋችን አጥበው የሚወስዱት አፈር በአብዛኛው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጨ ነው፤ ስትሮንቲየም 87 አነስ ይልበታል። ነጭ ዓባይ የሚያመጣው ደግሞ እጅግ ካረጀ አለት ነው፤ እዚያ ሩቢዲየም የተባለ ሌላ ንጥረ ነገር በረጅም ዘመን ቀስ እያለ ወደ ስትሮንቲየም 87 ስለተለወጠ ምጣኔው ከፍ ይላል። ስለዚህ የናይል ዴልታ ጭቃ ተቆፍሮ ሲለካ አፈሩ ከየት እንደመጣ ይታወቃል።

ግራ የሚያጋባው እዚህ ጋ ነው። ሰሃራ ሣር ለብሶ በነበረበት ዝናባማ ዘመን፣ ከ11,000 እስከ 5,000 ዓመት በፊት ገደማ፣ በዴልታው ጭቃ ውስጥ የኛ ደጋ አፈር ድርሻ ጨመረ? ኧረ ቀነሰ! ደጋው ዕፅዋት ስለለበሰ አፈሩ ተያዘ። ዝናቡ ሲሳሳ መሬቱም ተራቆተ፣ የክረምት ጎርፍ ጠርጎት ሄደ። ተዳፋት ላይ የሚያርስ ገበሬ ይህን ለመረዳት ላቦራቶሪ አያስፈልገውም።

ምጣኔው በቀጥታ የዝናብ መለኪያ አይደለም ማለት ነው። ለዝናቡ፣ በጭቃ ውስጥ ተቀብሮ የቆየ የቅጠል ሰም ይመረመራል፤ በሐሩር አካባቢ ዝናብ ሲበዛ በሰሙ ውስጥ ያለው ከባዱ የሃይድሮጅን ዓይነት ድርሻ አብዛኛውን ጊዜ ይቀንሳል።